ለመድኃኔዓለም የተሰጠው ሰው

ሰገነት ያን ቃል የተናገረችው ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። «ሚልኪያስ፣ ለመድኃኔዓለም ሰጥቼሃለሁ!» ሚልኪያስ በከተማዋ ግንብ በር፣ ሸዋ በር ላይ፣ በባጃጁ ወንድሟን ባርኮትን ገጭቶ ገድሏል። «ፍሬን እንቢ አለኝ» ብሎ ማለ፤ በቀላል ቅጣት ወጣ።

ዓመት ሳይሞላው ደም ይተፋ ጀመር።

ዛሬ እናቱ ወይዘሮ ሥርጉት፣ ሰገነት ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ደጃፍ ቆመው ጠበቋት።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። ኪኒኑ አለ፤ አይውጥም። ‹እሷ ካላነሣችልኝ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል› ይላል። ልጄ፣ የሰጠሽውን መልሰሽ ውሰጂ።»

«እትዬ፣ መድኃኔዓለም የእኔ ፖሊስ ነው እንዴ? ኪኒኑን ይዋጥ!»

«ይህንኑ ለእሱ ንገሪው።»

አብራቸው ሄደች። ለእርቅ አልነበረም። መድኃኒት እያለ በወሬ የሚሞት ሰው ያናድዳታል፤ ደግሞም ሰፈሩ «በላችው» እንዳይላት ሠግታለች። ሚልኪያስ ቤት አጠገብ፣ ፈላና በር ሲደርሱ ጫት የሚሸጡት አይሻ ቀና ብለው አዩዋትና «ያ አላህ! መጣችለት» አሉ። ለማዳን ይሁን ለመጨረስ፣ ከአነጋገራቸው አልለይ አላት።

ክፍሉ ታፍኗል። መጀመሪያ ያደረገችው መስኮቱን መክፈት ነበር። ሚልኪያስ አልጋው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል።

«አነሣሽልኝ?»

«የማነሣው የለኝም። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፣ ስለት አልተሳልኩም። ተናድጄ ጮህኩ፣ በቃ። አሁን ዋጥ።» ራስጌው ካለው ዕቃ ኪኒኖቹን አውጥታ መዳፉ ላይ አደረገችለት።

ፈገግ አለ። ወዲያው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አንቺ ካልሰጠሽኝ፣ ታዲያ የያዘኝ ማነው?»

«ባክቴሪያ።»

«አይደለም። እሱ ራሱ ነው። መጽሐፍ መትቼ ስምል ሰምቶኛል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ፍሬኑ ደህና ነበር፣ ሰገነት። ስልኬን እያየሁ ነበር። ባርኮት እጁን ዘርግቶ ‹ቁም!› ሲል ቀና አልኩ። አልደረስኩም።»

ወይዘሮ ሥርጉት በሩን ይዘው ቀሩ። እሳቸውም ያመኑት ፍሬኑን ነበር።

ሚልኪያስ ከአልጋው ተንሸራትቶ ተንበረከከ። «ይቅር በይኝና አብረሽኝ ጸልዪ። ካንቺ አፍ ከሰማሁ እድናለሁ። አምናለሁ።»

ማመኑን ሰገነት ዓይኑ ውስጥ አየችው፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኪኒኑን ይውጣል፤ ከዋጠ ይድናል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አጠገቡ ተንበረከከች።

አባታችን ሆይን አብረው ጀመሩ። የበደሉንን ይቅር ወደምንልበት ሲደርሱ የሚልኪያስ ድምፅ ብቻውን ቀረ። እሱም ቆመ፤ ጠበቃት። ሰገነት አፏን ከፈተች። የተዘረጋ እጅ ብቻ ነበር የታያት።

«በዪ እንጂ ልጄ፣ ለአፍ ያህል!» አሉ እናቱ።

«ለአፍ ያህል ከሆነ ይቅርብኝ» አለ ሚልኪያስ።

ሰገነት ጉልበቷን አራግፋ ተነሣች። «ነገ እመጣለሁ።»

«እሺ» አለና በመዳፉ የጨበጣቸውን ኪኒኖች አንድ በአንድ ወደ ዕቃቸው መለሳቸው። «እንግዲያው እኔም ነገ።»