የማይቀላው ቼሪ

ልብስ ሰፊዋና ባሏ ወደ ሽማግሌው አባቱ ቤት ጠቅልለው የገቡት ዛፎች ማበብ ሲጀምሩ ነበር። ሽማግሌው አርባ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ግን ነገር ይምታታባቸዋል፤ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩታል፣ ጫማቸውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጣሉ።

ጓሮው ውስጥ አንድ የቼሪ ዛፍ አለ። ምራታቸው አበባውን ስታይ ስንት ብልቃጥ ማርማላታ እንደምትሠራ ከወዲሁ አሰበች። ፍሬው ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ። የጎረቤታቸው የአናጺው ቼሪ ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ ወፍ ግማሹን ሲጨርሰው እንኳ የእነሱ ያው ቢጫ ነው። ወፉም ዞር ብሎ አያየውም።

«በስሏል፣ ልቀሙት እንጂ» አሉ ሽማግሌው በመስኮት።

«እሺ አባባ» አለች፣ ልጅ እንደምታባብል ዓይነት።

በሳምንቱ ፍሬው መርገፍ ጀመረ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ባሏ ቅጠሉን አገላብጦ አየና፣ «ታሟል መሰለኝ፤ ቢቆረጥ ይሻላል» አለ። አናጺውን ከነመጋዙ ጠሩት።

አናጺው ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው። «ግንዱ እኮ ጤነኛ ነው። የታመመ ዛፍ እንዲህ ያፈራል እንዴ?»

ሦስቱም ግራ ገብቷቸው አንጋጠው ሲያዩ፣ ሽማግሌው ከቤት ወጡ። አንድ ፍሬ ቀጠፉና ለምራታቸው ሰጧት።

«ቅመሺ። ይሄ ቢጫው ዓይነት ነው፤ እስከ ዕለተ ምጽአት ብትጠብቂው አይቀላም። ወፍ ጥሬ ይመስለውና ለሰው ይተዋል። ቆዳው ስስ ነው፣ መንገድ አይችልም፤ ገበያ አትውሰጂው። ጭማቂው አያቀልምም፣ ስፌትሽ ላይ ብትበዪውም ግድ የለም። ብቻውን ግን አያፈራም፤ የሌላ ዓይነት ቼሪ አበባ አጠገቡ ካልኖረ ባዶውን ይቀራል። ለዚህ ነው ለዚያ ለጎረቤት ግቢ ቀዩን ያመጣሁት።»

«የእኛን? አባቴ ነው የተከለው!» አለ አናጺው።

«ተካዩ እሱ፣ አምጪው እኔ።»

ልብስ ሰፊዋ ነከሰችው። ማር ነው። ሳቋ አመለጣት። ባሏ በደስታ የአባቱን ትከሻ ሲይዝ ግን፣ ሽማግሌው ትክ ብለው አዩትና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ የማን ልጅ ነዎት?» አሉት።

መጋዙ ሥራ ሳያይ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ወጥ ቤት ተቀምጠው ፍሬውን ከዘሩ ሲለዩ፣ ባልየው፣ «ሰሞኑን አባባ ጣራው ያፈሳል ብለውኝ ነበር። እሺ ብዬ ተውኩት። አሁን የትኛውን ልመን?» አለ።

«እኔንስ? ‹ሁለት ነፍስ ነሽ፣ ከባድ አታንሺ› ብለውኛል።»

የባሏ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። «ነሽ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች፤ ከዚያ ቀኖቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ቆጠረች።