ግማሽ ጺም

“አባዬ፣ ቀስ! ጠርዙ እንዳይሰበር!”

ፀጉር አስተካካዩና ልጁ የሱቁን አሮጌ መስተዋት ከግድግዳው ለማውረድ ይታገላሉ። መስተዋቱ በስንት መከራ ሲላቀቅ፣ ከጀርባው አንዲት ፎቶ ወለሉ ላይ ወደቀች። ልጅቱ አንስታ ስታያት ሳቋ አመለጣት።

“ይሄ ግማሽ ጺሙን የተላጨው ሰውዬ ማነው?”

አባትየው መነጽሩን አደረገ። ግማሽ ፊቱ የሳሙና አረፋ የለበሰ ወጣት፣ የመላጫው ጨርቅ ካንገቱ ሳይፈታ፣ ቆሞ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ይጽፋል።

“ብጣሹ ነው” አለ ቀስ ብሎ።

ደራሲ ጓደኛው ነው። ባገኘው ብጣሽ ወረቀት ላይ ስለሚጽፍ ሰፈሩ ብጣሹ አለው፤ እሱም በበኩሉ ፀጉር አስተካካዩን ምላጩ አለው። ያን ቀን እየተላጨ ሳለ አንድ ዓረፍተ ነገር መጣለትና ከወንበሩ ብድግ አለ።

“ተቀመጥ እንጂ! አንገትህን ልቆርጠው ነበር እኮ!” ቢለው፣

“አንገት የትም አይሄድ፤ ይቺ ግን ካመለጠችኝ አላገኛትም” ብሎ መጻፉን ቀጠለ። ተራውን ይጠብቅ የነበረ ፎቶ አንሺ ቀጭ አደረገው። ብጣሹ የጻፈውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው ለሱቁ ወረፋ ጠባቂዎች ነበር። ከሳቁለት ያስቀምጠዋል፤ ካዛጉበት ይቀደዋል።

“አሁን የት አለ?”

“ቤቱ ነዋ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ሁለቴ ሄጄ አልከፈተልኝም።”

“ሦስተኛውንስ ሞከርከው?”

አባትየው መነጽሩን አወለቀ። ፎቶዋን ደረት ኪሱ ከተተ፣ የሥራ ቦርሳውን አነገተና ወጣ።

የብጣሹን በር ቢያንኳኳ “ሰው አልፈልግም!” የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ምላጩ ፎቶዋን በበሩ ሥር አሾልኮ አስገባት። ከዚያ ሳቅ ተሰማ፤ መሳቅ የረሳ ሰው ሳቅ። በሩ ሲከፈት የብጣሹ ጺም ደረቱ ደርሷል።

“ይሄን ሁሉ ዘመን የት አስቀመጥካት?”

“መስተዋቱ ጀርባ ተወሽቃ ነበር። ስማ እንጂ፣ ትጽፋለህ?”

ብጣሹ ዓይኑን ወደ ባዶው ክፍል መለሰ። “ልብሴን ከማጠቧ በፊት ከኪሴ ብጣሽ ወረቀቱን እየለቀመች የምታስቀምጥልኝ እሷ ነበረች። አሁን ብጽፍ ማን ይለቅመዋል?”

ምላጩ ገባና አንድ ወንበር ሳበለት። ቦርሳውን ከፈተና መቀሱን አወጣ።

“በል ተቀመጥ፤ ይሄን ጫካ ልመንጥረው።”

“እዚህማ አይሆንም።”

ምላጩ አንገቱን ደፍቶ መቀሱን መልሶ ከተተ። ቀና ሲል ግን ብጣሹ ኮቱን ደርቦ፣ አልጋው ሥር አጎንብሶ ጫማውን ይፈልጋል።

“ሰው በሌለበት ምን መላጨት አለ?” አለ ከዚያው እንዳጎነበሰ። “ሱቅህ ወረፋ ካለም እጠብቃለሁ።”