ያልተጠየቀው ጌጥ

ሰይፈ ሚካኤል ለእህቱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንኳ አስጠግኖላት አያውቅም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሠራተኛ አስከትሎ መጥቶ፣ «ሳሎንሽን ዙሪያውን የጂብሰም ጌጥ ላስደርግልሽ ነው፤ ግድግዳውና ኮርኒሱ የሚገናኙበት ጠርዝ ጥርት ይላል» ሲላት፣ አስካለማርያም ከመደሰት ይልቅ ጠረጠረች።

«ማን ሊመጣ ነው?» አለችው።

«ማንም። ለአንቺው ነው፣ እታለም።»

ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ይህ ቤት የወላጆቻቸው ውርስ ነው። እሱ አግብቶ ሳቢያን ሰፈር ሲገባ እሷ ብቻዋን ቀረችበት። በቅርቡ ጎረቤቷ ቤቱን ቀባብቶ፣ አሳምሮ ሸጦታል። ያ ትዝ አላትና «ሊሸጥብኝ ነው» አለች በልቧ።

ሠራተኛው ኻሊፍ የሚባል ጎልማሳ ሶማሌ ነው። ሥራውን የጀመረው በወንዙ በኩል ካለው ጥግ፣ ሳሎኑ ውስጥ ካለው አልጋዋ በላይ ነበር። ብቅ ባለች ቁጥር ሁለቱም ዝም ይላሉ። ወንድሟም፣ «አቧራው ይጎዳሻል፤ በረንዳው ላይ አረፍ በይ» እያለ ይመልሳታል። ሰውን ከገዛ ቤቱ የሚያስወጣ አቧራ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ውስጥ ጣለች፤ ከመዶሻ ድምፅ በቀር የሰማችው የለም።

ሰይፈ ሚካኤል ጂብሰም ሊጨምር ሲወጣ ጠብቃ ገባች።

«ገዢው ማነው?» አለችው ኻሊፍን።

«አቦ፣ እኔ የምን ገዢ አውቃለሁ? ወንድምሽን ጠይቂው።»

«ታዲያ እኔ ስገባ ለምን ዝም ትላላችሁ?»

ኻሊፍ መዶሻውን አስቀመጠ። ከመሰላሉ ወረደ። «እኔም እናት አለችኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ውሃ ልጠጣ ልውጣ። መሰላሉ ይኸውልሽ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሰላሉ ላይ ወጣች። እዚያው ከአልጋዋ በላይ፣ ጌጡ ገና ባልደረሰበት በኩል ግድግዳው ከኮርኒሱ ተላቆ ነበር። ስንጥቁ እጇን ያስገባል፤ ከውስጡ የተጠቀጠቀውን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ስትስበው የውጪው ብርሃን ዓይኗ ውስጥ ገባ።

ሰይፈ ሚካኤል ተመልሶ መሰላል ላይ ሲያገኛት የጂብሰሙን ከረጢት እንደተሸከመ ቆመ።

«ይኼን መቼ አየኸው?»

«ክረምት ላይ፤ ጎርፉ ከሄደ በኋላ።»

«ከሥሩ እንደምተኛ እያወቅህ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እንጂ...»

«ሊሸጥብኝ ነው ብዬ ስጠረጥርህ ነው የዋልኩት። ምነው በሸጥከው። ለምን ደበቅኸኝ?»

ከረጢቱን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላያትም። «ቤቱ አያስኖርም ከተባለ የት ትገቢያለሽ? እኔ ጋ ነው። ሚስቴን ማርቲን ደግሞ ታውቂያታለሽ... ከሰው ጋር መኖር አትችልም።»

አስካለማርያም ከመሰላሉ ወረደች። እንደ ጠረጠረችው ሆኖ ቢሆን ትጮህበት ነበር፤ አሁን ግን ኻሊፍን ጠርታ የተለጠፈውን ሁሉ እንዲያነሳው ነገረችው። ከዚያ ቁምሳጥኗን ከፍታ ልብሷን በፌስታል መክተት ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አላት ወንድሟ።

«ሳቢያን። ግድግዳው እስኪጠገን።»

ሰይፈ ሚካኤል ስልኩን አውጥቶ በረንዳው ላይ ወጣ። አፉን በእጁ ከልሎ ለሚስቱ ሲያንሾካሹክ ይሰማታል። የሚለውን ለማወቅ አልሞከረችም፤ ሁለተኛውን ፌስታል ቋጠረች።