መጣሁ

አባቷ «ጥድፊያ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላት ያለ ነገር አይደለም። አዋላጇ ጓንቷን ሳታጠልቅ ከተፍ ያለች ልጅ ናት ይላሉ። ከዚያም ወዲህ ቢሆን እየጎረሰች ጫማዋን ታስራለች፣ ጫማዋን እያሰረች ታወራለች፣ ወሬው ሳያልቅ በር ላይ ደርሳለች። እናቷ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲሏት ተረቱን እንኳ ቆማ ሰምታ አትጨርስም። አፍሳ ስትለቅም ግን ብዙ ጊዜ ታይታለች።

ይህቺ ጥድፊያ አድጋ ከወላጆቿ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ፀጉር ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ትልልቅ መስታወት፣ ሁለት ያረጁ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች፣ አንድ የፀጉር ማጠቢያ ገንዳ፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን የታጨቀበት የብስኩት ቆርቆሮ፣ ከዚያ በተረፈው ቦታ ደግሞ ደንበኛ። ካስኮቹ አንዴ ከተነሱ ቤቱ ሁሉ ይጮኻል፤ ሰው የሚግባባው በእጅ ነው። የፀጉር ቤቷ ባለቤት እትዬ ሠራተኛ ላይ ስትቆጣ እንኳ ካስኩን አጥፍታ ነው የምትቆጣው።

እትዬ በዚያ ሳምንት ምን እንደነካት እንጃ፣ ለጥድፊያ የሳምንት ዕረፍት ሰጠቻት። ጥድፊያም ጊዜ አላጠፋችም። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሐይቅ ዳር ልትሄድ ቆረጠች፤ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣም ገዛች። ለቤተሰቦቿ ግን ትንፍሽ አላለችም። «ዕረፍት ወጣሁ» ካለች «ታዲያ መቼ ትመጫለሽ?» መከተሉ ነው። ቤት ከሄደች ዓመት አልፏታል። በየስልኩ «በሚቀጥለው ወር» እያለች ወሩን እንደ ማስቲካ ስትስበው ነው የከረመችው። አትወዳቸውም እንዳይባል ትወዳቸዋለች፤ እንደውም ስታስባቸው ሆዷ ይባባል። ነገር ግን ቤት አይጠፋም፣ ሐይቁ ነው የሚያልፈኝ ብላ አሰበች።

በዕረፍቷ ዋዜማ ጠዋት አባቷ ደወሉ።

«ጥድፊያ፣ ቁርስ በላሽ?»

«በላሁ አባዬ። አንተስ ደህና ነህ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ። ታላቅ ወንድምሽ ብቻ...»

ይህን እያሉ ሳሉ ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው ደንበኛ «ኧረ በፈጠራችሁ! ጆሮዬን ጠበሳችሁት!» ብላ ጮኸች።

«መጣሁ አባዬ፣ መጣሁ!» አለች ጥድፊያ። ስልኩን በትከሻዋና በጉንጯ መሃል አጣብቃ ወደ ካስኩ ስትዞር ስልኩ ሾልኮ ገንዳው ውስጥ ጠለቀ። ሲወጣ ሞቷል። ሩዝ ውስጥ ቀበረችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መቼም «መጣሁ» የሚባል ቃል ጉደኛ ነው። የመጣ ሰው መጣሁ ይላል፤ የሚሄድም መጣሁ ይላል። ጨው ሊገዛ የወጣውም፣ ከእንግዲህ ዓይኑን የማታዩት ተበዳሪም ሲወጡ የሚሉት ይህንኑ ነው። የትኛው መምጣት የትኛው መሄድ እንደሆነ የሚለየው በቃናው ነው፤ ቃናውን የሚለየው ደግሞ ጆሮ ነው። የጥድፊያ አባት ዕድሜ ልካቸውን የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሾፌር ነበሩ። በመስኮቱ በኩል ያለውን ግራ ጆሯቸውን ነፋስና ክላክስ በልቶታል። ስልክ የሚያዳምጡት ደግሞ በዚሁ በግራው ነው። የካስኩ ጩኸት ለእሳቸው የሞተር ድምፅ ሆነ። ልጅቷ ከሞተር ድምፅ መሃል ሆና «መጣሁ አባዬ!» አለች፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሾፌር የሆነ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይረዳል? ኮታቸውን ለብሰው፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

እኩለ ቀን ላይ የፀጉር ቤቱ ስልክ ጮኸ። ታናሽ እህቷ ናት።

«የት ደረስሽ?»

«የት እደርሳለሁ? ሥራ ላይ ነኝ።»

«ወይኔ!» አለች እህቷ፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «አባዬ እኮ 'መጣሁ ብላኛለች፣ አውቶብስ ውስጥ ናት' ብሎ ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ ቆሟል። ኧረ ጉድ ነው የፈላው! እማዬ አልጋሽን አነጠፈች። ሊቀመንበሩ ደግሞ አባዬ የሌለ ነገር መስማት ጀመረ እያለ ነው።»

ሊቀመንበሩ ታላቅ ወንድማቸው ነው። መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ቤት ሲገባም ቤተሰቡን በስብሰባ ካልመራ እንቅልፍ አይወስደውም። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ባለፈው ወር አባቱን ከኋላ የመጣ ሞተር ሳይክል ለጥቂት ስቷቸዋል፤ ክላክሱን አልሰሙትም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሊቀመንበሩ የሚታየው ያ ሞተር ሳይክል ብቻ ነው።

«ዛሬ ማታ ስብሰባ አለ» አለች እህቷ። «ካልመጣሽ ከእንግዲህ አባዬ ብቻውን ከግቢ እንዳይወጣ ሊወስን ነው። መናኸሪያም ቀረ ማለት ነው።»

ጥድፊያ በእጇ የያዘችውን ቢጎዲን ወደ ቆርቆሮው መለሰችው። አባቷ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያለ መናኸሪያ ውለው አያውቁም። ጠዋት ሄደው የሚገቡትን አውቶብሶች ጎማ በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ ወጣት ሾፌሮችን ይመክራሉ፣ ለምሳ ይመለሳሉ። ይህ ከቀረባቸው የሚቀራቸው ግድግዳ ማየት ነው። «አይ፣ እኔ አውቶብስ ውስጥ ነኝ አላልኩም» ብትል እውነቷን ነው። በዚያች እውነት ግን አባቷ ዘባራቂ ሽማግሌ ሆነው በር ይዘጋባቸዋል።

«መንገድ ላይ ናት በያቸው» አለች።

«በፀጉር ቤቱ ስልክ እያወራሽኝ?»

«አፍሽን ያዢልኝ እንጂ አንቺ ደግሞ!»

ለጓደኞቿ አልሄድም አለቻቸው፤ እነሱም አኮረፉ። እትዬን የግማሽ ቀን ፈቃድ ጨምሪልኝ ብላ ለመነቻት። ለሐይቁ ያዘጋጀችውን ሻንጣ እንዳለ አነሳች። ባርኔጣው ሻንጣ ውስጥ ስለማይገባ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችውና ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አውቶብስ ተሳፈረች። ግማሽ መንገድ ላይ ሐይቁ በመስኮት ብቅ አለ፤ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ ምንም የማይቸኩል። ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሐይቁም ዞር ብሎ ከኮረብታው ጀርባ ቀረ።

አውቶብሱ መናኸሪያ ሲገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። አባቷ ምሰሶውን ተደግፈው ቆመዋል። ዣንጥላውን ከዘራ አድርገውታል። ከሳ ብለዋል፤ ወይም ኮታቸው ሰፍቷል። ጥድፊያ ከአውቶብሱ ስትወርድ ባርኔጣዋን አይተው ፈገግ አሉ።

«ቆየሽ» አሉ።

ልትዋሽ አሰበች፤ ጎማ ፈነዳ ልትል። ለሾፌር ስለ ጎማ መዋሸት ግን አያዋጣም። አቀፈቻቸው። ሻንጣዋን ተቀበሏትና ጎን ለጎን ሄዱ።

«ካስኩ ነበር አይደል?» አሉ ድንገት።

ቀጥ ብላ ቆመች። «አወቅህ?»

«ሦስተኛው አውቶብስ ሲገባ ገባኝ። ሞተር እኮ እንደዚያ አያፏጭም። 'ቆይ፣ አንዴ' ማለትሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወደ ቤት አልተመለስክም? እስካሁን ቆመህ...»

«ቤትማ ሊቀመንበሩ አለ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «ደግሞስ ልጄ፣ መጣሁ ማለት ምን ማለት ነው? ጠብቀኝ ማለት ነው። ጠበቅኩሽ።»

ጥድፊያ መንገድ መሃል ቆማ አለቀሰች፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም የተባለው ደርሶባት። ያ ሁሉ «በሚቀጥለው ወር» ትዝ አላት። በየወሩ ምን ያህል እንደጠበቋት ማንም ነግሯት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። አባቷ ባርኔጣውን ከእጇ ወስደው በሰው ፊት እንዳትታይ ፊቷን ከለሉላት።

«እንዳትነግሪብኝ ብቻ» አሏት እንባዋ ሲበርድ።

«አልነግርም። ግን አንተም ጆሮህን ትታያለህ። እኔ ጋ ጎበዝ የጆሮ ሐኪም አለች፤ ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። ስመለስ አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

«ካስክ ውስጥ እንዳታስገቡኝ እንጂ እሺ» አሉ።

ማታ ሊቀመንበሩ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና ስብሰባውን ከፈተ። «እስቲ እውነቱን ንገሪን። መጣሁ ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ» አለች ጥድፊያ ዓይኑን እያየች። አንዲት ፊደል አልዋሸችም። «ሁለት ጊዜ።»

እህቷ ሳቋን ለማፈን ወደ ጓዳ ገባች። እናታቸው «አላልኳችሁም? ልጄ መጣሁ ካለች መጣች ነው» ብለው ራቱን አቀረቡ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የሐኪሟን ነገር ስትነግረው ደግሞ ስብሰባውን ረስቶ ልጅ ሆነ። «እኔ እኮ እንዳይሞትብኝ ብዬ ነው» አለ። ይህን ከአፉ ሰምተው ስለማያውቁ ሁሉም ሳህናቸውን አዩ። አባትየው ግን በግራቸው በኩል ስለተቀመጠ ምን እንዳለ አልሰሙትም። ጥድፊያ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ደገመችላቸው። ሰሙና የወንድ ልጃቸውን ጭንቅላት፣ ራሰ በራነት የጀመረውን ያንን ጭንቅላት፣ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

ዕረፍቷ እንደ ምንም አለቀ። የእናቷን ፀጉር አጠበች፣ ተኮሰች፤ እናትየው በመስታወት ራሳቸውን አይተው «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» አሉ። ከአባቷ ጋር መናኸሪያ እየሄደች ጎማ መታች። ከእህቷ ጋር በአንድ አልጋ ተኝታ ብርድ ልብስ ተጓተተች። ቸኩላ የትም አልሄደችም፤ የምትሄድበት አልነበረማ።

በመመለሻቸው ጠዋት ሊቀመንበሩ ሻንጣ ተሸክሞ አውቶብሱ ድረስ ሸኛቸው። እናትየውም አብረው መጥተዋል። አባትየው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው እንደ ድሮው ልማዳቸው ወደ ሚስታቸው ዞሩና «መጣሁ» አሉ።

እናትየው ሾፌር ካገቡ ጀምሮ ይህን ቃል በር ይዘው ሲሰሙት ኖረዋል። የባላቸው መጣሁ አንዳንዴ ሳምንት ነበር፣ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ ደግሞ ከወር ያለፈበት ጊዜ አለ።

«በመንገዱ ያ ሐይቅ አለ አይደል?» አሉ እናትየው።

«አለ እንጂ።»

«ስንቴ አለፍከው?»

«ኧረ ቁጥርም የለው።»

«እኔስ?»

አባትየው ደረጃው ላይ ያደረጉትን እግር አወረዱ። የዚህን ጊዜ ጆሯቸው በደንብ ሰምቷል። ጥድፊያ አውቶብሱ ውስጥ ዕቃ የጫነችበትን መቀመጫ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት አጸዳችና ባርኔጣዋን አውልቃ በመስኮቱ አቀበለቻቸው። እናትየው ከነጠላቸው በላይ ባርኔጣውን ደፉት፤ የተተኮሰው ፀጉራቸው እንዳይበላሽ በሁለት እጃቸው አስተካከሉትና የባላቸውን ትከሻ ይዘው ተሳፈሩ።

«እማዬ!» አለ ሊቀመንበሩ። «ልብስሽስ? ቤቱስ? ምሳስ?»

አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ። እናትየው በመስኮቱ ጭንቅላታቸውን ብቅ አድርገው፣ ባርኔጣውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙት የኖሩትን ቃል ወደ ትልቁ ልጃቸው ወረወሩት።

«መጣሁ!»