መጀመሪያ ከፍቶ ማየት

ሄልሚ ካንጋስ ብቻዋን ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ስትገባ በሃምሳ አራት ዓመቷ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በሩን አልፋ ስትገባ ሻጩ ወጣት ከኋላዋ ማን እንደሚከተል አንገቱን አስግጎ አየ። የተከተላት የለም።

«እማማ፣ ባለቤትዎን እየጠበቁ ነው?»

«ባል የለኝም። ጠመንጃ ነው ያለኝ» አለችና የአባቷን ጠመንጃ ከነማኅደሩ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

ወጣቱ ደረቱ ላይ «ኮርቢን» የሚል ስም ለጥፏል። አስቀድሞ ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፤ ቅናሽ ሲኖር መልእክት ይልኩላታል። ቀጥሎ ጠመንጃውን መዥረጥ አድርጎ አወጣና ሳይከፍት፣ ሳያይ፣ ትከሻው ላይ ደገነው። አፈሙዙ መጀመሪያ በሄልሚ ሆድ ላይ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ቦት ጫማ በሚለኩ ባልና ሚስት ላይ ዞሮ አለፈ። ሄልሚ ሳታስበው ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። አባቷ ለልጆቻቸው ከሁሉ በፊት ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ጠመንጃ የተቀበለ ሰው መጀመሪያ ይከፍታል፣ ባዶ መሆኑን በዓይኑ ያያል፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የረሳ ሰው እንግዳም ቢሆን ካንጋስ ቤት እራት አይበላም ነበር።

«ይሄ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው!» አለ ኮርቢን። «ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀል። ምን ፈልገው ነው?»

«መምታት ነው የምፈልገው። ዕድሜዬን ሙሉ ዒላማ ስስት ነው የኖርኩት። ለምን እንደምስት የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነው።»

«ይቺማ ቀላል ናት፤ ከብዶዎት ነዋ!» ዞር ብሎ ሮዝ ቀለም የተቀባ ቀጭን ጠመንጃ አወረደ። «ሴቶች ሁሉ የሚወዷት ይቺን ነው። አሮጌውን ለኛ ይተዉና ይቺን ይዘው ይሂዱ።»

«ስንት ሴት ጠይቀህ ነው?»

«እ?»

«ሴቶች ሁሉ አልክ እኮ።»

ኮርቢን ሳቀና ወደ ጓዳው ተጣራ። «ዱዌይን! ና እስቲ፣ እማማ አጋዘን ሊገድሉ ነው!»

ሄልሚ ጠመንጃዋን ከእጁ ወሰደች። ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ስባ ከፈተች፣ አየች፣ ዘጋች። ማኅደሩ ውስጥ መልሳ ወጣች። «ኧረ አይቆጡ፣ እናት ዓለም!» የሚለው ድምፅ እስከ በሩ ተከተላት።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። አፍራ ነበር። ማፈሯ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት፤ ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንጋሶች ጫካ ውስጥ የአደን ጎጆ አላቸው። አባቷ ገና ጎልማሳ ሳሉ አንድ የድሮ ምድጃ የብረት ክዳን ዛፍ ላይ በሰንሰለት አንጠለጠሉና ሕግ አወጡ። የአደን ወቅት በሚከፈትበት ዋዜማ እያንዳንዱ ሰው ከመቶ እርምጃ ላይ ሦስት ጥይት ይተኩሳል። ሦስቴ ክዳኑን ያስጮኸ በማግስቱ ያድናል፤ አንዱን እንኳ የሳተ ጎጆ ቀርቶ ያበስላል። ሄልሚ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ስታበስል ኖረች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ድንች ላጠች፣ የሰው እርጥብ ካልሲ ምድጃ ላይ አደረቀች። ታላቅ ወንድሟ ሬይኖ በየዓመቱ «የሄልሚን ሾርባ ለመብላት ስንል ነው እንጂ አጋዘኑማ ሰበብ ነው» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ያንን ሳቋን እንደ ጠላችው ግን የሚያውቅላት አልነበረም።

አባቷ በመጋቢት አረፉ። ኑዛዜው ሲነበብ ጠመንጃቸውን ለማን እንደ ተዉ ታወቀ። ለሄልሚ ነበር።

«አባባ መጨረሻ ላይ ትንሽ ዞሮባቸው ነበር» አለ ሬይኖ። «ባለፈው ጥቅምት መዶሻ ይዘው ሄደው የአደን ማድፈጫቸውን ወንበር ነቅለው አጣመው ቸንክረውት የለም እንዴ? አሁን ማን ይቀመጥበታል? እኔ ሞክሬው አንገቴ ተቀጨ።»

ሄልሚም አልተከራከረችውም። እሷም ምልክቱን አይታለች። በዚያው ሰሞን ምሳ ይዛላቸው ወደ ቤታቸው ስትሄድ አባቷ መነጽራቸውን፣ ያንን ባለ አንድ ዓይን የሩቅ መመልከቻ፣ ሰጧትና መስኮቱ ላይ ሆና ግንደ ቆርቁር እንድታይ ጠየቋት። አየች። ተቀበሏትና መልሰው ሰጧት። እንደገና አየች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ፤ ከዚያ ምሳቸውን ሳይነኩ ዝም ብለው ተቀመጡ። እርጅና ነው ብላ አዝና ተመለሰች።

ማድፈጫው ከረግረጉ ዳር በአራት እንጨት ላይ የቆመች ባለ መስኮት ጠባብ ቤት ናት። አባቷ አርባ ዓመት ያደኑት እዚያ ተቀምጠው ነው። ሬይኖ ለአማቹ ለትራቪስ ሊሰጣት ፈልጓል። ሆኖም የአባቱን ሕግ በግልጽ መሻር አልደፈረም። «ሦስቴ ካስጮኸች የሷ ናት» አለ። «ካልሆነ ትራቪስ ይገባል፤ ወንበሩንም ነቅዬ አስተካክላለሁ።» ሄልሚ ከአባቷ ውርስ ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ እሳቸው በተቀመጡበት ተቀምጣ እሳቸው ያዩትን ማየት ብቻ። የቀራት ሦስት ሳምንት ነበር።

በምትሠራበት የትምህርት ቤት ማእድ ቤት አንዲት ባልደረባዋ ኦርቪል ላቫሊ ስለሚባሉ ሽማግሌ ነገረቻት። «ሰላምታ አትጠብቂ» አለቻት። «ግን ሂጂ።»

የኦርቪል ሱቅ ከመኖሪያ ቤታቸው ጓሮ ያለች፣ ዘይትና እንጨት የምትሸት አንዲት ክፍል ናት። ሽማግሌው የተሰበረ ሰደፍ ሙጫ እየቀቡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«በሩን ዝጊው፤ ሙቀቱ ይወጣል።»

ሄልሚ ዘጋችው። ለሁለተኛ ጊዜ ልትዋረድ እንደሆነ ገምታ ጥርሷን ነከሰች። ኦርቪል ግን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ጠመንጃውን ተቀበሉ። አፈሙዙን ጥግ ላይ ወዳለ የአሸዋ ሣጥን አዙረው እጀታውን ሳቡ። አዩ። ትንሿን ጣታቸውን ከተው ዳሰሱ። ከዚያ እንደ ተከፈተ ወደሷ አዘነበሉት።

«አንቺም እዪ።»

አየች። ዕንባዋ ሊመጣ ሲል ዋጠችው፤ አንድ ሰው የአባቷን ጠመንጃ እንደ አባቷ ያዘ፣ ይኸው ነው።

«ጠመንጃው ደህና ነው» አሉ ከብዙ ምርመራ በኋላ። «እንዲያውም ሲጠርገው የኖረ ሰው አለ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የታመመው?»

«እኔ ነኝ» አለች እንደገና። «ስተኩስ እስታለሁ።»

«ወዴት?»

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ወደ ግራ። ሁልጊዜ ወደ ግራ።»

ኦርቪል ከባዶ የጥይት ካርቶን ክዳኑን ቀደዱና መሃሉ ላይ በቢላዋ ቀዳዳ አበጁ። «በሁለት እጅሽ ያዢው። እጅሽን ዘርጊ። ሁለቱንም ዓይንሽን ክፈቺና በቀዳዳው ያንን የግድግዳ ሰዓት እዪ። አየሽው? እንዳይጠፋብሽ ቀስ እያልሽ ወደ ፊትሽ አምጪው።»

ካርቶኑ መጥቶ ግራ ዓይኗ ላይ አረፈ።

«ድገሚ።»

ግራ ዓይኗ ላይ አረፈ። ለሦስተኛ ጊዜም ያው።

«ይኸውልሽ ልጄ» አሉ፣ ቁጭ ብለው። «ከሁለቱ ዓይን አንዱ አለቃ ነው። ያንቺ አለቃ ግራው ነው። ቀኝ ትከሻሽ ላይ ደግነሽ በግራ ዓይንሽ ስታልሚ ጥይቱ ሌላ ወዴት ይሂድ? አንዱን ዓይን ጨፍኚ ያለሽ ሰው የለም?»

«አባቴ ናቸው ያስተማሩኝ። ዓይኑን የሚጨፍን ግማሽ አዳኝ ነው ይሉ ነበር።»

«ዓይንሽን አላዩልሽም?»

«ትከሻዬን ነበር የሚያዩት» አለች። ያን ሁሉ ዓመት የላጠችው ድንች ዓይኗ ላይ መጣ። በአባቷ ላይ እንደዚያ ተናዳ አታውቅም፤ የሞተ ሰው ላይ መናደድ ደግሞ ለማንም አይነገርም።

«ታዲያ የግራኝ ጠመንጃ ልግዛ?»

«ምን ሊሠራልሽ? ይሄ እጀታው ከሥር ነው፤ ግራ ቀኝ አይልም። የምሸጥልሽ ነገር የለኝም። ከነገ ጀምሮ ከሥራ ስትወጪ ነይ፤ ከጓሮ መተኮሻ አለኝ። ትከሻሽን እናዛውረዋለን።»

«ለዛሬውስ ስንት ልክፈል?»

«ካርቶን ቀደድኩ። ለካርቶን ነው የምታስከፍዪኝ?»

ቤቷ ስትደርስ ስልኳ ላይ ከትልቁ ሱቅ መልእክት ገብቷል። በአገልግሎታችን ምን ያህል ረኩ፣ ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል ይላል። ሄልሚ «አንድ» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላም፦ «ኮርቢን ጠመንጃ ሲቀበል መጀመሪያ ከፍቶ ይይ። ከዚያ ደግሞ የመጣውን ሰው ይይ።»

በአራተኛው ቀን ራሱ ኮርቢን ደወለ። «እማ... ወይዘሮ ካንጋስ፣ ካሜራው ላይ አየሁት። አፈሙዙን እርስዎ ላይ ነበር ያዞርኩት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎርሶ ነበር እንዴ?»

«ባዶ ነበር።»

«እንዴት አወቁ?»

«ከቤት ሳልወጣ ከፍቼ ስላየሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። ሄልሚ ይቅር አለችው፤ ሮዟን ጠመንጃ ግን ለማንም ሴት በግድ እንዳያሸክም አስጠነቀቀችው።

የግራ ትከሻ ነገር ግን እንዲህ በዋዛ አልተሳካም። የመጀመሪያው ሳምንት ጠመንጃው በእጇ ላይ እንደ ባዕድ ሆነባት። ጣቷ ምላጩን ማግኘት አቃተው፤ ጉንጯ ሰደፉ ላይ የት እንደሚያርፍ ጠፋው፤ ትከሻዋ በለዘ። ኦርቪል ካፖርታቸውን ደርበው ከኋላዋ ይቆማሉ። ስትስት «እንደገና» ይላሉ፤ ስትመታም «እንደገና» ይላሉ። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ «በቃኝ፣ በዚህ ዕድሜ!» ስትል ጥይት አቀበሏትና «እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በብርድ የቆምኩት ላንቺ ነው» አሏት። አፈረችና ተኮሰች። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ሦስቱም ጥይቶች የወረቀቱ መሃል ላይ ተጠጋግተው ተገኙ። ኦርቪል ወረቀቱን አንስተው አዩና አጣጥፈው ሰጧት። «ሂጂ» አሉ።

በዋዜማው በረዶ ጥሎ ነበር። መጀመሪያ ትራቪስ ተኮሰ፤ ሦስቴ ጮኸ። ሄልሚ ተራዋ ደርሶ ሰደፉን ግራ ትከሻዋ ላይ ስታደርግ ሬይኖ ከት ብሎ ሳቀ።

«በየት በኩል ነው የያዝሽው? ማማሰያ መሰለሽ እንዴ!»

ሄልሚ ዒላማዋን ያዘች። ተኮሰች፤ ክዳኑ ጮኸ። ትራቪስ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። እጀታውን ስባ መለሰች፣ ተኮሰች፤ ጮኸ። ሬይኖ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀርቶ ወደ ዛፉ አየ። ለሦስተኛው ትንፋሿን ሰበሰበች። ከኋላዋ ኦርቪል «እንደገና» ሲሉ የሰማች መሰላት። ተኮሰች። ክዳኑ በሰንሰለቱ ላይ እየተወዛወዘ ረጅም ጊዜ ጮኸ።

መጨረሻ የተኮሰው ሬይኖ ነው። አንደኛውን መታ። ሁለተኛው ጥይት ጫካ ገባ።

«ብርዱ ነው» አለ። ሁሉም አዩት። እሱም ጠመንጃውን ከፍቶ ጥይቱን አወጣና «የድንች ቢላዋው የት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ እህቱን ጠየቃት።

ሲነጋጋ ሄልሚ የማድፈጫውን መሰላል ወጣች። ወንበሩ ሬይኖ እንዳለው ነበር፤ ከነመደገፊያው ወደ ግራ ዞሮ በትልልቅ አዲስ ሚስማር ወለሉ ላይ ተቸንክሯል። አንዳንዱ ሚስማር ጎብጧል፤ እጅ የሚንቀጠቀጥበት ሰው እንደመታው ያስታውቃል። ተቀመጠች። ጀርባዋ መደገፊያው ላይ ተመቻቸ። ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻዋ ስታነሣ ክርኗ የሚያርፍበት ጣውላ እዚያው ጠበቃት፤ አፈሙዙም ያለ ምንም ማስተካከል በመስኮቱ መሃል ወደ ረግረጉ ወጣ። ለቀኝ ትከሻ ተኳሽ አንገት የሚቀጭ ወንበር ለግራ ተኳሽ ልክ ነበር።

ያኔ መነጽሩ ትዝ አላት። ግንደ ቆርቁሩን ሦስቴ ያየችው በግራ ዓይኗ ነበር። አባቷ ወፉን ትተው እሷን ነበር ሲያዩ የነበረው፤ ምሳቸውን ያልነኩትም ለዚያ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት የተሳሳቱትን በአንድ ቀትር አወቁ። በሕይወታቸው ማንንም ይቅርታ ጠይቀው የማያውቁ ሰው ነበሩ። በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው መዶሻና ሚስማር ይዘው እዚህ መሰላል ላይ ወጡ።

«አባባ» አለች ድምፅ አውጥታ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «አፍ አልነበርዎትም?»

ቁጣዋ የት እንደሄደ አላወቀችም። ብርሃኑ ረግረጉ ላይ ቀስ እያለ ተገለጠ፤ እሳቸው አርባ ዓመት ያዩት ይህን ነበር። ከጎጆው በኩል ጭስ ይታያል፤ የሚያርር ነገር ሽታም ይመጣል። ሄልሚ ዕንባዋን በጓንቷ ጠረገች። ጠመንጃውን ከፈተች፣ አየች፣ ጥይት አጎረሰችና ልትጠብቅ ተደላድላ ተቀመጠች። ሾርባው የሬይኖ ጉዳይ ነው።