ከኮፈኑ ሥር

ላንድሮቨሯ ከጋራዥ የተመለሰች ዕለት ጋሽ ሰብሃት ቁልፉን አንዴ ቢያዞሩት ተነሣች። ደስ ሊላቸው ሲገባ ደነገጡ። ያቺ መኪና ጠዋት ጠዋት ሦስት አራት ጊዜ ሳትለመን ተነሥታ አታውቅም።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በከብት ሕክምና ነው የኖሩት። ከቦንጋ እስከ ደካ ክትባት ያመላለሱት በዚችው መኪና ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጣትም ለሌላ አላስነኳትም። ዘንድሮ ፍሬኗ አልይዝ ሲል ልጃቸው አብርሆት፣ «እኔ መካኒኩ ኸሊፋ ጋ ወስጄ አሠራታለሁ» አለች። የፍሬኑ ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

«ምን ሲያደርጋት ከረመ?» አሏት።

«ፍሬን ነው አባዬ። ትንሽም አጽድቷታል።»

ዞረው አዩዋት። አረንጓዴው ቀለም ያው ነው። ኮርማ ወግቶ ያጎደጎደው በሯም ያው ነው። የተሰነጠቀው የኋላ መብራት እንኳ አልተለወጠም። ኮፈኗ ላይ ግን አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«ይሄስ?»

«ሌባ በዝቷል ብሎ ኸሊፋ ነው ያስገባው። መክፈቻውን መስጠት ረስቶ ነው።»

በማግስቱ የታመመች ላም ሊያዩ ማንኪራ ወረዱ። ሲመለሱ ያ ረጅም ዳገት መጣ። ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ቆመው፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ውሃ ጨምረውላት ነበር የሚወጡት። አሁን ግን ሚኒባስ ቀድማ፣ ምንም ሳይመስላት ጫፍ ላይ ወጣች። ይህች የእኔ መኪና አይደለችም፣ አሉ ጋሽ ሰብሃት በልባቸው።

ባለፈው ዓመት የመጣው የአዲስ አበባ ሰው ትዝ አላቸው። የድሮ መኪና እሰበስባለሁ ብሎ ፎቶ ሲያነሣት ውሎ፣ አልሸጥም ቢሉት ስልኩን ለአብርሆት ሰጥቶ ነበር የሄደው። እንግዲያው ሸጣለታለች። ኸሊፋ ደግሞ ሌላ መኪና ቀብቶ፣ በሩን ሳይቀር ቀጥቅጦ አጎድጉዶ አምጥቶላቸዋል።

እራት ላይ አብርሆት፣ «መኪናዋ እንዴት ናት?» አለች፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ደህና ናት» አሉ ዐይን ዐይኗን እያዩ። እሷ ዐይኗን ሰበረች።

ጠዋት እሷ ልታስተምር ስትወጣ ሊብሬውን፣ መነጽራቸውንና ጎማ መፍቻውን ይዘው ወጡ። በሰባ ዓመታቸው ከመኪናዋ ሥር በጀርባቸው ገቡና የሻንሲውን ቁጥር በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ አነበቡ። ከሊብሬው አንድም አኃዝ አልተለየም። መኪናዋስ የእሳቸው ናት። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

በጎማ መፍቻው ጓጉንቸሩን ሰበሩት። ከላይ የሚያውቁት የአየር ማጣሪያ፣ ዝገቱም ሳይነካ ተቀምጧል። ከሥሩ ግን የማያውቁት ሞተር አለ። በድሮው ሞተር ቀለም ተቀብቷል። ቁጥሩን ፈልገው ከሊብሬው ጋር አስተያዩት፤ አይገናኝም።

«የተሰረቀ ነው!» አሉ ጮክ ብለው።

ለአብርሆት ደውለው፣ «አሁኑኑ ኸሊፋ ጋ ነይ» ብለው ዘጉባት።

ኸሊፋ ጋራዡ በር ላይ ሲያያቸው ወንበር አቀረበ። «ጋሽ ሰብሃት፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ነው የምሰማው። ይሄ ሞተር የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው። ጅማ ከተጋጨ መኪና ላይ ወርዶ፣ ከነወረቀቱ ነው የተገዛው። የድሮውም ያውልዎ» ብሎ ጥግ ላይ ያለውን ሸራ ገለጠላቸው። ሞተራቸው ተጠርጎ ተቀምጧል።

አብርሆት በባጃጅ ደረሰች። «አባዬ፣ አምና ክረምት የደካ መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፍቶብህ ዝናብ ሲወርድብህ አደርክ። ስናገኝህ መናገር አቅቶህ ነበር። ሞተሩ ይለወጥ ብዬ ሦስቴ ለመንኩህ። አንተ ግን፣ በቁሜ እያለሁ አይሆንም አልክ። መልኳ ካልተነካ አታውቅም ብዬ ነው።»

«ስለዚህ በቁሜ ቀበርሽኝ።»

ኸሊፋ ሊያረጋጋ ብሎ ወረቀቶቹን ዘረጋ። የግዢው ውል አለ። ከሥሩ ለመንገድ ትራንስፖርት የሚገባ፣ ሞተር ተለውጧልና ይመዝገብልኝ የሚል ማመልከቻ አለ። ጋሽ ሰብሃት መነጽራቸውን አስተካክለው ግርጌውን አዩ።

«ይሄን ፊርማዬን ማን ፈረመው?»

አብርሆት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስለ አዲስ አበባው ሰው፣ ስለ ሌባውና ስለ ኸሊፋ ከጠረጠሩት ሁሉ ይልቅ ያቺ ፊርማ ወጋቻቸው። የስማቸውን የመጨረሻ ፊደል ጭራ አብርሆት እንደ እሳቸው አድርጋ ስባዋለች። ተለማምዳበታለች ማለት ነው።

ማመልከቻውን አራት ቦታ ቀደዱት። ቁራጮቹን ኪሳቸው ከተው፣ «ባዶ ወረቀት አምጣ» አሉ ኸሊፋን። ራሳቸው ጻፉ፤ ራሳቸው ፈረሙ። «ሞተሩ ይቆይ። ጥሩ ሞተር ነው። የድሮውን ግን ዛሬውኑ ቤቴ አድርስልኝ።»

መኪናዋ አሁን በአዲሱ ቁጥር ተመዝግባለች፤ ጋሽ ሰብሃትም ደካ ደርሰው በዕለቱ ይመለሳሉ። ሲደርሱ ለአብርሆት ይደውላሉ፣ «ገብቻለሁ» ብለው ይዘጋሉ። እሷ የምታቀብላቸውን ወረቀት ግን፣ የመብራት ደረሰኝም ቢሆን፣ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ሳያነቡ አይቀበሉም።