ይሄዳል፣ ይቆያል

እኔ የክለቡ ወጌሻ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጭንና የሰው ቁርጭምጭሚት ሳሽ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን ሕመም የት ላይ ልይዘው እንደሚገባኝ ጠፍቶኛል። ተጫዋቾቹ ሲያሾፉብኝ «ዶክተሬ» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ከተጎዱት መካከል ማን ሜዳ እንደሚገባ በየጠዋቱ የምናገረው እኔ ነኝ። አሠራሬም ቀላል ነው። በግማሽ ወረቀት ላይ እኔ ጋር የሚታከሙትን ልጆች ስም እጽፋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንዲት ቃል አስቀምጣለሁ። «ይሄዳል» ካልኩ ድኗል፣ ወደ ልምምድ ይሄዳል ማለቴ ነው። «ይቆያል» ካልኩ ገና ነው፣ እኔ ጋር ይቆያል። አሰልጣኙ አይቶ ከታች ይፈርምና ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ ይተውልኛል። ርዕስ የለው፣ ቀን የለው። ከሁለታችን በቀር የሚያነበው ሰው ስላልነበረ ርዕስ ያስፈልገዋል ብለን አስበን አናውቅም።

ያኔ አሰልጣኙና ሥራ አስኪያጁ ከተኳረፉ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘው ነበር። ሥራ አስኪያጁን ከጀርባው «አቶ ማኅተም» ነው የምንለው። ማኅተም ያላረፈበት ነገር እውነት አይመስለውም፤ የሻይ ክበቡ የዋጋ ዝርዝር ላይ ሳይቀር መትቶበታል። ጠቡ የተነሳው ባልታዘዘ አጥቂ ነው። አሰልጣኙ አማካይ ስጡኝ እያለ ሲለምን ከርሞ፣ አቶ ማኅተም ከቦርዱ ጋር መክሮ አጥቂ አመጣለት፤ ያውም ሲሮጥ ከኳሱ ይልቅ ስለ ጸጉሩ የሚጨነቅ አጥቂ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። የሚነጋገሩት በወረቀት ብቻ ሆነ፤ ወረቀቱን ከምድር ቤት ወደ ሁለተኛ ፎቅ የማመላልሰው ደግሞ እኔ። ሁለት ጤነኛ አፍ ያላቸው ሰዎች በዚህ ዕድሜዬ እግር አደረጉኝ። ግን አንድም ቀን ከፍቼ አንብቤ አላውቅም። የሰው ጠብ አላነብም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

ክለቦች ተጫዋች የሚገዙበት የዝውውር መስኮት በሚዘጋበት ቀን ሁለት ተጫዋቾቻችን ተጠይቀው ነበር። አንዱ አምበላችን ነው፣ አንዱ የግራ መስመር ተጫዋቹ። ጠያቂዎቹ ክለቦች ሁለቱም በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ይርቃሉ። ቦርዱ አንዱ ይሸጥ አንዱ ይቅር፣ የትኛው እንደሆነ አሰልጣኙ በጽሑፍ ያሳውቅ ብሎ ወሰነ።

ሁለቱም ለእኔ ባዕድ አልነበሩም። የመስመር ተጫዋቹ አማቼ ነው። አንድያ ልጄን አግብቶ እኔው ቤት፣ የኋላው ክፍል ውስጥ ይኖራል። ልጄ ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። አምበሉን ደግሞ ተከላካይ ስለሆነና አልፎት የሚሄድ ስለሌለ «ግንቡ» እንለዋለን። ዘጠኝ ዓመት በእጄ ሲታሽ የኖረ ልጅ ነው። ከወር በፊት እናቱን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከልምምድ በኋላ ቤታቸው እየሄድኩ አሻቸዋለሁ። ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም ብለዋል። አምበሉም ከክለቡ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የእናቱ እጅ እስኪመለስ ድረስ እዚሁ መጫወት። ይህን ለእኔም ለአሰልጣኙም ደጋግሞ ነግሮናል።

የዚያን ዕለት ጠዋት በእኔ ግማሽ ወረቀት ላይ ሦስት ስም ነበር። የአምበሉ ጭን ስለዳነ «ይሄዳል» አልኩ። የአማቼ ቁርጭምጭሚት ገና እብጠት ስለነበረው «ይቆያል»። የሁለተኛው በረኛ ጣትም «ይቆያል»። ረፋዱ ላይ አሰልጣኙ ከሜዳ ሆኖ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ለሰውየው አድርስልኝ አለኝ። «ሰውየው» አቶ ማኅተም መሆኑ ነው። ስገባ ሁለት የታጠፈ ግማሽ ወረቀት አየሁ። የእኔን ሁልጊዜ ፊሽካው ስር ነው የሚተውልኝ፤ ስለዚህ ፊሽካው ስር ያለውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሌላውን ላይኛው ፎቅ አደረስኩ። ማሳጅ ክፍሌ ተመልሼ የእኔን ስከፍተው የአሰልጣኙ ጽሑፍ ነው። «አምበሉን አልለቅም። የግራ መስመሩ ይለቀቅ» ይላል፤ ከታች ፊርማ። በጥድፊያ ቦታ አለዋውጦ ኖሯል። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ለስህተት ይቅርታ አለው።

ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ ወጣሁ። ጉልበቴ ምን እንዳለኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የአቶ ማኅተም በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ስልክ ላይ ነው።

«አዎ፣ አምበሉ ይሄዳል» ይላል። «አሰልጣኙ ራሱ ፈርሞበታል፣ እጄ ላይ ነው።»

የእኔን ቃል ነው የሚያነበው። ጽሑፉ የማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ እሱ የሚያየው ፊርማ ነው። ቀጥሎ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ጸሐፊዋ ዞረና፣ ስለ በረኛው ደግሞ ማን ጠየቀው ብሎ ተነጫነጨ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር።

በሩን አንድ ጊዜ ማንኳኳት ነበር የሚጠበቅብኝ። ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይሄ የጉዳተኞች ዝርዝር ነው፣ ትክክለኛው ይኸው ማለት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እጄን አነሳሁ። እንዳነሳሁ ግን ልጄ ሆዷን ይዛ ዕቃ ስትጭን ታየችኝ። ያ የኋላ ክፍል ባዶ ሲሆን ታየኝ። የልጅ ልጄን በፎቶ ብቻ ሳያት ታየኝ። እጄ ወረደ። ጸሐፊዋ ብቅ ብላ ምን ፈልገው ነው ስትለኝ፣ ምንም፣ ሰላም ልላችሁ ነው አልኳት። ደረጃውን ስወርድ ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ከኋላዬ ሰማሁት። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያለው ስህተት አይባልም። ስሙን አውቀዋለሁ።

አምበሉን ስምንት ሰዓት ላይ ጠሩት። ተጫዋች ካልፈረመ እንደማይሸጥ አውቃለሁና፣ እምቢ ይላል ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር። እምቢ አላለም። ታኬታውን ሊወስድ እኔ ጋር ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። አቶ ማኅተም ወረቀቱን አጥፎ የአሰልጣኙን ፊርማ ብቻ ነው ያሳየው፤ ለእሱ ግን በቂ ነበር።

«ስለ እናቴ እያወቀ ፈረመብኝ፣ ጋሼ» አለኝ። «ያልፈለገኝ ሰው ፊት ቆሜ አለምንም። ፈርሜያለሁ።»

ሂድና ጠይቀው ማለት ነበረብኝ። አሰልጣኙ ሃምሳ እርምጃ እዚያ ማዶ ሜዳ ላይ ቆሟል። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ኳስ እንዲህ ናት፣ ምን ይደረግ አልኩት። አቅፎኝ፣ እናቴን አደራ አለኝ። እጇን አይተዉብኝ አለኝ። አልተውም አልኩ። ቦርሳዬ በመካከላችን ነበር፤ ወረቀቱ ውስጡ።

አሰልጣኙ ወሬውን ሲሰማ አምበሉ ከላይ ቤት፣ ከአቶ ማኅተም ጋር ተስማምቶ በጀርባዬ ሸሸ ብሎ ደመደመ። አቶ ማኅተምን ሊጠይቀው እንኳ አልወጣም፤ ከማን ጋር እናገራለሁ አለ። በሳምንቱ ለቀቀ። ሦስት ኩሩ ሰዎች ናቸው። አንዳቸው ሌላውን «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ጉዴ በአንድ ቀን ይፈላ ነበር። እኔም በኩራታቸው ተሸሽጌ ከረምኩ።

ልጄ ሴት ልጅ ወለደች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ግን ሕፃኗን ባቀፍኳት ቁጥር የሌላ ሰው ንብረት የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ለማንም ሳይሆን ለራሴ ማጽናኛ ብዬ፣ እንኳን ያኔ አልሄዳችሁ አልኩ። አማቼ ማንኪያውን አስቀመጠ። አዲሱ አሰልጣኝ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከተከለው ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

«አባባ፣ ከነገርኩዎት ይሻላል» አለ። «ያኔ ልቀቀኝ ብዬ የቀድሞውን አሰልጣኝ የለመንኩት እኔ ነኝ። እሺ ብሎኝ ነበር፤ ምን እንደለወጠው አላውቅም።»

ለምን አልኩት። እሱ ሚስቱን አየ። ልጄ አንገቷን ደፍታ፣ «አባዬ፣ የራሳችን በር፣ የራሳችን ቁልፍ እንዲኖረን ብለን ነው» አለች። ቀጥላም እንዳይከፋህ ብላ እጄን ያዘችኝ።

 መሄድ የፈለገውን አስቀርቼ መቅረት የፈለገውን ሸኝቻለሁ። ለልጄ ብዬ ነው የሚለው ምክንያት እንኳ ከእጄ ወጣ። ለራሴ ነበር፤ ብቻዬን ላለመቅረት ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የአምበሉ እናት ጋር ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል በሚገባው ፀሐይ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ነበሩ። ቀኝ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቅባት ቀባሁና ከአንጓቸው ጀመርኩ። አራት ወር ሆኖታል፤ ትከሻቸው ተመልሷል፣ ክርናቸው ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል፤ ጣቶቻቸው ግን አንድም ቀን ተንቀሳቅሰው አያውቁም። እሳቸው ያወራሉ። ያን አሰልጣኝ ስረግመው ነው የማድረው ይላሉ። ልጄን ከጉያዬ ነጥቆ የሸጠ ይላሉ። «አንተ ግን አልተውከኝም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሌላ ልጅ ነው የሆንክልኝ።» የሚያሸው እጄ ቆመ። አይዞህ ደክሞህ ነው አሉኝ።

ስልካቸው በሰዓቱ ጠራ። አምበሉ እኔ በምመጣበት ቀን ሁሉ በዚያ ሰዓት ነው የሚደውለው። መያዝ ስለማይችሉ እንደ ልማዳችን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እናቱን ሰላም አለ፣ መረቁት፤ ከዚያ ጋሼ፣ ዛሬስ እንዴት ናት አለኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው» አልኩ። «አሰልጣኙ አልሸጠህም። ‹አምበሉን አልለቅም› ብሎ የጻፈው ወረቀት እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ላይ ቤት የደረሰው የእኔ የጠዋት ዝርዝር ነው፤ ጭንህ ድኗል፣ ወደ ልምምድ ይሄዳል ያልኩበት። መጀመሪያ ተሳስቼ ነው። በኋላ ግን በሩ ድረስ ሄጄ ዝም አልኩ። አንተ ካልሄድክ አማቼ ይሄድብኛል ብዬ።»

ከወዲያ በኩል ኳስ ሲመታና ሰዎች ሲጠራሩ ይሰማል፤ ሜዳ ላይ ነው። ወደ እናቱ ለማየት አልደፈርኩም፤ ዓይኔን እጃቸው ላይ ተከልኩ። ያኔ መዳፌ ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ። አውራ ጣታቸው ታጠፈ። ቀጥሎ የቀሩት አራቱ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ ተሰበሰቡ። አራት ወር የለመንኩት ነገር ነበር። እጃቸው በቅባቱ ተንሸራቶ ከመዳፌ ወጣ፤ በራሱ ኃይል ጭናቸው ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«እናቴ ሰማች?» አለ አምበሉ።

«ሰምተዋል።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላሉም። እጃቸውን ከእጄ አወጡ።»

የኳሱ ድምፅ ራቀ፤ ከሜዳው እየወጣ ነው።

«የትኛውን እጇን?» አለኝ።

«ቀኙን» አልኩት።